ዳማው የጾመበት ሳምንት

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎችና አንድ ፈረስ ነን። ስም አልጽፍም። ደባርቅና ዳባት ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባቸው ከተሞች ናቸው፤ የሚያውቀን ያውቀናል፣ ለማያውቀን ደግሞ ስማችን ምንም አያደርግለትም።

የመጀመሪያዋ ልጄ ናት፤ የልጆቼ ታናሽ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ነጥብ ስላልመጣላት፣ ደባርቅ ላይ ለጎብኚዎች ፈረስና በቅሎ ከሚያከራየው ማኅበር ገብታ ትሠራ ነበር። ሁለተኛዋ እናቷ፣ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛው ዳባት ላይ እህል የሚነግድ ወዳጄ ነው። እሱ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን፤ ጎልማሳ ከሆንን ጀምሮ ገብሴን የምሸጠው ለእሱ ነው፣ ፈረሱንም የገዛነው በጋራ ነው። አራተኛው የእንስሳት ሐኪሙ፤ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ፣ ገና ያላገባ ወጣት። አምስተኛው እኔ ነኝ።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ሚስት ካገባሁ በኋላ፣ ስኳርና ሳሙና ተጠቅልሎበት በሚመጣ ጋዜጣ ላይ ነው። ማንበብ ከቻልሁ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ አንብቤአለሁ። ግን ሰው ቁጭ አድርጎ ስላላስተማረኝ፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ ለእኔ የተሰጠ ትእዛዝ ይመስለኝ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

ፈረሱ ቀለሙ ዳማ፣ ቀላ ያለ ቡናማ ነበር፤ ቤት ውስጥም ዳማው ብቻ እንለው ነበር። ግንባሩ ላይ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ነበረችው። ልጄ ከመንገድ ሆና ስትጠራው አንገቱን በአጥሩ ላይ ያሻግርላታል። እኔ ስጠራው ጆሮውን ብቻ ያዞራል።

ማኅበሩ በዚያ ዓመት የረጅም ርቀት ግልቢያ አሰናዳ። እንደ ጥምቀት ጉግስ ባንድ ሜዳ ላይ ተሮጦ የሚያበቃ አይደለም። ጠዋት ከዳባት ተነስቶ፣ ደባርቅ ላይ አርፎ፣ ተራራው ላይ ወዳለው ቡይት ራስ የሚወጣ የቀን ሙሉ መንገድ ነው። ማረፊያው ላይ ሐኪሙ የፈረሱን የልብ ትርታ ያዳምጣል፤ ትርታው ካልበረደ ፈረሱ ከዚያ አያልፍም። ለቀደመው ዋንጫ አለ፤ ፈረሱን በደኅና ያደረሰ ሰው ደግሞ በማኅበሩ ውስጥ የፈረስ አሠልጣኝ ሆኖ በቋሚነት ይቀጠራል ተባለ። ልጄ የፈለገችው ይህን ነበር። ዋንጫው አላማራትም፤ ሥራውን ነው።

“አባየ፣ ልግባ?” አለችኝ፤ ዳባት ገበያ ወርደን ወዳጄ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመን ነበር።

“ሴት ልጅ ተራራ ለተራራ ስትጋልብ አይቼ አላውቅም” አልኋት።

ወዳጄ ከሚዛኑ ቀና ብሎ ሳቀ። “አንተ ሰውየ፣ ፈረሱ ግማሹ የኔ ነው። የኔ ግማሽ ፈቅዷል።”

“የትኛው ግማሽ ነው ያንተ?”

“የሚሮጠው። የሚበላው ያንተ ነው።”

ሦስታችንም ሳቅን። በዚያ ሳቅ ፈቀድሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ኮርቻ ጭና ትወጣለች፤ አንድ ቀን ሶምሶማ፣ አንድ ቀን እርምጃ፣ አንድ ቀን ዳገት። እሷ ፈረሱን እንዴት እንደምታደክምና እንዴት እንደምታሳርፍ ሳይ፣ እኔ ያላስተማርኋትን ብዙ ነገር እንደምታውቅ ገባኝ። አልነገርኋትም። ልጅን ማመስገን ልጅን ማበላሸት ነው ብየ የማምን ሰው ነበርሁ።

ግልቢያው ቅዳሜ ሆነ። የዚያው ሳምንት ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጾመ ነነዌ ነበር።

የነነዌ ንጉሥ ጥፋት እንደ ቀረበ በሰማ ጊዜ፣ ከሰው ጋር እንስሳውም እንዲጾም አዝዟል። ሌላው ሰው ይህን በቤተ ክርስቲያን ሰምቶ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ራሴ አንብቤዋለሁ። ቀደም ባሉት ዓመታት በሬዎቼን በነዚያ ሦስት ቀናት እስከ ቀትር አስጹሜ አውቃለሁ። በሬ በዚያ ወራት ሥራ የለውም፤ ምንም አልሆኑም። ምንም ባለመሆናቸውም ትክክል የሠራሁ መሰለኝ።

በዚያ ዓመት ዳማውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ሣርና ያለ ውኃ አሰርሁት፤ ሦስቱንም ቀን። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ሆዱ እንዳይነፋ ብየ ከአንድ ባልዲ በላይ ከለከልሁት። ለቤተሰቡ ጾሙ ለእግዚአብሔር ነው አልሁ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ለግልቢያው ነበር፤ ሆዱ የቀለለ ፈረስ ዳገት ይደፍራል የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ከአምላክ ጋር የተዋዋልሁ አስመስየ የራሴን ብልጠት ነው የሠራሁት።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ልጄ ከወንዝ ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዛ መጣች። ወሩ ደረቅ ነው፣ ፀሐይዋ ትለበልባለች፤ ፈረሱ ከሩቅ አይቷት በማሰሪያው ዙሪያ ይንቆራጠጥ ጀመር።

“አባየ፣ ጠምቶታል። ከንፈሩን ይዩት” አለች።

“ጾም ነው።”

“እሱ ምን ኃጢአት አለበት?”

“ያነበብሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?”

“ቅዳሜኮ ነው ግልቢያው፣ አባየ።”

“አፍስሽው።”

ባለቤቴ ከደጃፍ ላይ “ኧረ ሰው ይስቅብሃል፣ ተው!” አለች። ልጄ ባልዲውን እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ከዚያ እዚያው ፈረሱ ፊት ደፋችው። ውኃው ሳይሰርግ ዳማው አንገቱን ዝቅ አድርጎ እርጥቡን አፈር ላሰ። ምላሱ አፈር ለብሶ ሲወጣ አይቻለሁ። ፊቴን አዙሬ ወደ ቤት ገባሁ።

ሐሙስና ዓርብ እንደ ልቡ ጠጣ፤ ገብስም ባቄላም ሰጠነው። ቆዳው አበራ፣ ዓይኑም ደኅና ነበር። የጾሙን በረከት ያየሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳባት ላይ ውርጭ ነበር። ፈረሶቹ ሲተነፍሱ ጭስ የሚተፉ ይመስላሉ። ልጄ ከሴት ብቻዋን ናት። አንዱ ጋላቢ “እህቴ፣ ፈረሱ ነው የያዘሽ ወይስ አንቺ ነሽ የያዝሽው?” ቢላት፣ “ቡይት ራስ ላይ ቆሜ ስጠብቅህ እነግርሃለሁ” አለችው። ወዳጄ ነጋዴው ከሳቁ ብዛት ጋቢው ወደቀበት።

ደባርቅ ማረፊያው ላይ በመኪና ቀድሜ ደርሼ ጠበቅኋት። በአራተኛነት ገባች። ሐኪሙ ማዳመጫውን ከዳማው ክንድ ሥር ከቶ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አዳመጠ።

“አባባ፣ ጥሩ ነው። ትርታው በቶሎ በርዶለታል” አለኝ። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ እያንዳንዱን ባለ ፈረስ የሚጠይቀውን ጠየቀኝ። “በዚህ ሳምንት መኖውና ውኃው እንዴት ነበር? የተቀየረ ነገር አለ?”

“እንደ ወትሮው” አልሁት።

ልጄ አጠገቤ ጎንበስ ብላ የኮርቻውን ማሰሪያ ታላላ ነበር። እጇ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። ሐኪሙ ጻፈ፤ ፈረሱ አለፈ።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ሐኪሙ ይስቅብኛል ብየ ነው። የተማረ ልጅ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ አንድ የገጠር ሽማግሌ ፈረስ አስጾመ ብሎ ለጓደኞቹ ሲያወራ ታየኝ። ሌላ ምክንያት የለውም።

ከዚያ ከወዳጄ ጋር ቡይት ራስ ወጥቼ ከሰው መሐል መንገዱ ዳር ቆምሁ። ከሰዓት በኋላ ፈረሶቹ ከታች ብቅ ብቅ አሉ። ልጄ ሁለተኛ ሆናለች። ግን ከፈረሱ ወርዳ ልጓሙን ይዛ በእግሯ ትወጣ ነበር፤ ዳማውን ለማሳረፍ ነው። ዐዋቂ ጋላቢ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኔ ያየሁት ግን ከኋላዋ የሚመጣውን ሦስተኛ ፈረስ ነበር። ጋቢየን አውልቄ እያውለበለብሁ “ውጪበት! ውጪበት!” ብየ ጮህሁ። ሰው ሁሉ ይጮህና ያውለበልብ ስለነበር የኔን ጋቢ ማንም ለይቶ አላየውም። እሷ ቆም ብላ ወደ ላይ ተመለከተች፤ ከዚያ እርካቡን ረግጣ ወጣች።

ብዙ አልሄደም። የፊት እግሮቹ ታጠፉ። ልጄ ዘላ ወረደች። ለመነሣት አንድ ጊዜ ሞከረ፣ አንገቱን ወደ እሷ ዘረጋ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ። ሮጬ ስደርስ ራሱን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ታብሳለች። “ዳማው፣ ዳማው፣ ተነሥ እንጂ” ትላለች፣ ትምህርት እንዳያረፍድበት ሕፃን እንደሚቀሰቅስ ሰው፣ በቀስታ።

ሐኪሙ ሞተር ሳይክሉን ጥሎ መጣ። የፈረሱን ከንፈር ገልጦ ድዱን አየ፤ ነጭ ሆኗል። ማዳመጫውን ብዙ ጊዜ አንከራተተና “ሞቷል” ብሎ ከጆሮው አወጣው።

“ትልቅ ደም ሥር ውስጡ የፈነዳ ይመስለኛል” አለ። “ወይም ልቡ ራሱ። ወይም ሌላ። ከፍቼ ካላየሁ አላውቅም። አባባ፣ ይፍቀዱልኝና ልክፈተው።”

“ፈረሴ እንደ ፍሪዳ አይበለትም” አልሁ።

ወዳጄ ክንዴን ያዘ። “ይክፈተው እንጂ። የኔ ግማሽ ፈቅዷል።”

“የኔ ግማሽ አልፈቀደም” አልሁት። ማንም አልሳቀም።

በእኛ አገር የሞተ ፈረስ አይቀበርም፤ ለጅብና ለአሞራ ይተዋል። እኔ ግን ይቀበር አልሁ። የአካባቢው ሰዎች ከመንገዱ በታች በገብስ ማሳ ጥግ፣ ድንጋያማ መሬት ላይ እየተፈራረቁ እስኪመሽ ቆፈሩልኝ። “ፈረሱን እንደ ሰው የሚያከብር ሰው” አሉኝ። አመሰገንሁ። የቀበርሁት ግን ከክብር ብቻ አልነበረም። ከዚያ ሆድ ውስጥ የሚወጣውን ፈርቼ ነው።

በሳምንቱ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጉዳዩ አንድ ነበር፤ ጥፋቱ የማን ነው? ልጄ ጥፋተኛ ከሆነች ከማኅበሩ ትወጣለች። ሐኪሙ ከሆነ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍበታል። የማንም ካልሆነ ደግሞ ልጄ ሥራዋ ላይ ትቆያለች።

ሐኪሙ ደብተሩን አወጣ። “ትርታው ጥሩ ነበር። በመኖና ውኃው ለውጥ እንደሌለ ባለቤቱ ነግረውኛል” አለ። “እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሞት ጤነኛ ፈረስ ላይም ይደርሳል።” አንዱ ሽማግሌ “ጤነኛማ ቢሆን አይሞትም ነበር” አለውና ሰው ሳቀበት።

ወደ ልጄ ዞሩ። “ዳገቱን በእግርሽ ስትወጪ ነበር። ለምን ወጣሽበት?”

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

“አባት የሚሉት ካለ” አሉኝ። ተነሣሁ። መቀመጥ እችል ነበር፤ ተነሣሁ። ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ወጣትነት፣ ከሰው ቀድሞ ለመታየት ስለ መጓጓት ተናገርሁ። ንግግሬ ያማረ ነበር፤ አንዳንዱ ራሱን ይነቀንቅልኝ ነበር። “ልጄም ብትሆን አልሸፍንላትም” አልሁ።

ያን ጊዜ አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ፣ “የወጣሁበት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው” አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

ስሟ ከማኅበሩ ተሰረዘ። ሐኪሙም አልቀረለትም፤ ደብዳቤ ተጻፈበት፣ ገበያ ሲወጣ “ልብ አዳማጩ መጣ” እያሉ ያሽሟጥጡበት ጀመር። በወሩ ልጄ መካነ ብርሃን እህቴ ዘንድ ሄደች። ስትሄድ ለእናቷ አለቀሰችላት፤ የኔን ጉልበት ስማ ወጣች።

ለፋሲካ ልቆርብ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው።

“እንስሳ ማስጾም ማን አዘዘህ?” አሉኝ።

“ተጽፏል፣ አባ። የነነዌ ንጉሥ...”

“የነነዌ ንጉሥ ነህ?”

“አይደለሁም” አልሁ።

“ማንበብ ባታውቅ ትጠይቅ ነበር። ማንበብህ ነው ያጠፋህ” አሉ። “ስግደት አላዝህም፤ ስግደት ለአንተ ይቀልሃል። የዋሸህበት ቦታ ሄደህ እውነቱን ተናገር። እስከዚያ አትቁረብ።”

ያን ፋሲካ አልቆረብሁም። ዛሬ ነገ እያልሁ ክረምቱ ገባ፤ መስቀል አለፈ። ሐኪሙ ተቀይሮ ሊሄድ ነው ሲባል ሰምቼ ነው ደባርቅ የወጣሁ። ክፍሉ ውስጥ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ እየከተተ አገኘሁት። ቆሜ ነገርሁት፤ ሦስቱን ቀን፣ ባልዲውን፣ ውሸቱን።

አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የያዘውን መጽሐፍ አስቀምጦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

“ነግረውኝ ቢሆን አላሳልፈውም ነበር” አለ።

“እሱ ነው የገደለው?”

“ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ሁለት ቀን ጠጥቶ አገግሞ ይሆናል። ደም ሥር የሚፈነዳበት ፈረስ ወንዝ ዳር ታስሮ ቢውልም ይፈነዳበታል። ከፍቼ አይቼ ቢሆን ዛሬ እነግርዎት ነበር።”

“አሁንስ?”

“አሁን አፈር ነው፣ አባባ።”

ከእሱ ወጥቼ ማኅበሩ ግቢ ገባሁ፤ እነዚያው ሰዎች ፊት ያንኑ ደገምሁ። ያን ቀን ያማረ ንግግር አልተናገርሁም። የልጄን ስም መለሱ። አንዱ ሽማግሌ ሲወጣ ፊቱን አዞረብኝ።

መካነ ብርሃን በአይሱዙ ተሳፍሬ ሄድሁ። መንገዱ በቡይት ራስ ነው። የገብሱ ማሳ ጥግ ላይ የተከመረውን ድንጋይ ከመኪናው ላይ ሆኜ አየሁት፤ ሹፌሩ አያውቅም፣ አላቆመም።

ልጄ እህቴ ሱቅ ውስጥ ምስር ትመዝናለች። ጨርሳ፣ ገዢውን ሸኝታ፣ በርጩማ አወጣችልኝ።

“ማኅበሩ ስምሽን መልሶታል” አልኋት።

“ጥሩ ነው።”

“ነገርኋቸው። የውኃውን ነገር።”

“ሰምቻለሁ፣ አባየ።”

“ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?”

ሚዛኑን በጨርቅ ወለወለችው። “ሐኪሙ ሲጠይቅዎት ‘እንደ ወትሮው’ አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ ብናገር አባቴን ውሸታም ማድረጌ ነው። ደግሞ እኔም አለሁበት። እርስዎ ቤት ሲገቡ ደብቄ ላጠጣው እችል ነበር። ፈራሁዎት።”

ልጆቼ እንዲፈሩኝ አድርጌ ነው ያሳደግኋቸው፤ ሠርቶልኛል።

“አፈሩን ሲልስ አይተውታል?” አለችኝ።

“አይቻለሁ።”

“እኔ ብቻ ያየሁት ይመስለኝ ነበር” አለች። ፊቷ ትንሽ ረገበ። “ነይ ወደ ቤት” አልኋት። “እዚህ ይሻለኛል” አለች።

እንግዲህ ልደምረው። ዳማው ሞቷል። ወዳጄ ነጋዴው ስለ ግማሽ ፈረሱ አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ ገብሴን ሲመዝን ግን ከሚዛኑ ዓይኑን አያነሣም፣ አይቀልድም። ሐኪሙ የሱ ያልሆነ ጥፋት ተጽፎበት ከአገራችን ሄዷል። ግልቢያው በሁለተኛው ዓመት አልተደረገም፤ ለዚያ ፈረሳቸውን ሲያሠለጥኑ የነበሩት መልሰው ዕቃ አስጫኑባቸው። ባለቤቴ ለሁለት ሰው ማብሰል አልለመደችም፤ ዛሬም ለሦስት ታቀርብና የተረፈውን ታነሣለች። ልጄ ፈረስ ላይ አልወጣችም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጊዜም። እኔ አሁን የሚነበብ ሲመጣልኝ ቀድሜ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ፤ ዘግይቶ የመጣ ትምህርት ነው።

በሌላው ወገን ያለው ያስደፋሁት አንድ ባልዲ ውኃ ነው። ሐኪሙ “ላይሆንም ይችላል” ብሎኛል፤ በዚህች ቃል ተሸሽጌ መኖር እችል ነበር። እውነቱን የሚያውቀው የዳማው ልብ ብቻ ነበር፤ ሳይታይ ያስቀበርሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የጥፋቱን ድምር ለሌላ ሰው አላካፍልም፤ በስሜ ይዤዋለሁ።